የበጎ ፈቃደኞች ኮሚቴና የሥነ ልቦና ሙያ የሥነ ምግባር ደንብ

የሙያ ማኅበራት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው በፕሬዚዳንቶቻቸውና በጉባኤዎቻቸው ስም ነው። የማኅበራቱን የዕለት ተዕለት ሸክም የሚሸከሙት ግን ከመደበኛ ሥራቸው በሚተርፍ ጊዜ፣ ያለ ደመወዝ፣ በኮሚቴ የሚያገለግሉ አባላት ናቸው። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር የመጀመሪያውን የሥነ ምግባር ደንብ ያዘጋጀበት ሂደትና ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የገጠመው ፈተና እንዲህ ያለው አገልግሎት በምን እንደሚጸና፣ በምንስ እንደሚናጋ ያሳያሉ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማኅበሩ የተመሠረተው በ1892 በማሳቹሴትስ ግዛት በሚገኘው ክላርክ ዩኒቨርሲቲ ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ስታንሊ ሆል ሲሆኑ፣ በመጀመሪያ የተመዘገቡት አባላት ቁጥር 31 ብቻ ነበር። አባላቱ በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ መምህራን ስለነበሩና እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ፣ ለረጅም ጊዜ የተጻፈ ደንብ አላስፈለጋቸውም። በ1938 ጉዳዩን እንዲያጠና የተሰየመው ኮሚቴ የተሟላ ደንብ ለመደንገግ ጊዜው ገና መሆኑን ገልጾ፣ ቅሬታ የሚቀበል ቋሚ ኮሚቴ እንዲኖር ሐሳብ አቀረበ። ከ1940 ጀምሮ ሥራውን የያዘው ይህ ቋሚ ኮሚቴ ጉዳዮችን ይመለከት የነበረው በተጻፈ ሕግ ሳይሆን በአባላቱ ማስተዋል ነበር።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህን ሁኔታ ለወጠው። ባለሙያዎቹ ከመማሪያ ክፍልና ከቤተ ሙከራ ወጥተው ወታደሮችን በፈተና መምረጥ፣ ከጦርነቱም በኋላ በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ሕሙማንን ማገልገል ጀመሩ። በ1945 የኮነቲከት ግዛት የሥነ ልቦና ባለሙያዎችን የሚመለከት ሕግ አወጣ፤ በዚያው ዓመት የማኅበሩ አባላት ቁጥር ከ4,000 በላይ ደርሶ ነበር። ባለሙያው በማያውቀው ሰው ሕይወት ላይ የሚወስን ሰው ሆነ። ስለዚህ በ1947 ቋሚው ኮሚቴ የተጻፈ ደንብ እንዲዘጋጅ ጠየቀ። አዲስ ኮሚቴም ተቋቁሞ በመጀመሪያ በኤድዋርድ ቶልማን፣ ቀጥሎም በኒኮላስ ሆብስ ሰብሳቢነት ሥራውን ጀመረ።

ኮሚቴው ሊከተለው የሚችለው የታወቀ መንገድ ነበር። የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር በ1847 ሲመሠረት ያጸደቀው ደንብ በአብዛኛው የተወሰደው እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ፐርሲቫል በ1803 ካሳተሙት መጽሐፍ ነው። በሥነ ልቦና ሙያም ጥቂት አንጋፋዎች ተቀምጠው መልካም የመሰላቸውን ሊጽፉ ይችሉ ነበር። የሆብስ ኮሚቴ ግን ይህን አልመረጠም። በጦርነቱ ጊዜ ጆን ፍላናጋን በአየር ኃይሉ የሥነ ልቦና መርሐ ግብር ውስጥ ያዳበሩትን፣ በትክክል ከተፈጸሙ ወሳኝ ድርጊቶች ተነሥቶ አንድን ሥራ የማጥናት ዘዴ ተጠቀመ። በ1948 ለ7,500 ያህል አባላት ደብዳቤ ተላከ። እያንዳንዱ አባል በቅርብ የሚያውቀውንና አንድ ባለሙያ የሥነ ምግባር ጥያቄ ባለበት ጉዳይ ላይ የወሰነበትን አጋጣሚ ጽፎ፣ ጥያቄው ምን እንደነበረ እንዲገልጽ ተጠየቀ። ከ1,000 በላይ ገጠመኞች ተሰበሰቡ።

ኮሚቴው ገጠመኞቹን አንድ በአንድ መርምሮ በስድስት መስኮች ከፈላቸው፤ እነዚህም የሕዝብ ኃላፊነት፣ ከተገልጋይ ጋር የሚኖር ግንኙነት፣ ማስተማር፣ ምርምር፣ ጽሑፍና ኅትመት፣ እንዲሁም የሙያ ባልደረቦች ግንኙነት ናቸው። ረቂቁ በ1951 በማኅበሩ መጽሔት እየታተመ ለአባላት ትችት ቀረበ። ትችትም አልጠፋም። ካልቪን ሆል በ1952 በዚያው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ የተጻፈ ደንብ አጭበርባሪውን ከመግታት ይልቅ ሳይያዝ እስከ የት መሄድ እንደሚችል ያስተምረዋል ሲሉ ተከራከሩ። ማኅበሩ ተቃውሞውን አትሞ፣ ደንቡን በ1952 አጸደቀ፤ በ1953ም 170 ገጽ ያህል ያለው መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ለዕለት ሥራ ግን እጅግ ረጅም ስለነበር በ1959 አጥሮ ተሻሻለ።

ከ52 ዓመት በኋላ ማኅበሩ ከበድ ያለ ጥያቄ ገጠመው። አሜሪካ ከ2001 በኋላ በያዘቻቸው እስረኞች ምርመራ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች መሳተፋቸው ሲታወቅ፣ ይህ ከደንቡ ጋር ይስማማ እንደሆነ እንዲወስን ግብረ ኃይል ተሰየመ። ግብረ ኃይሉ የተሰበሰበው ከጁን 24 እስከ 26 ቀን 2005 ለሦስት ቀናት ነው። ድምፅ ከሚሰጡት ዘጠኝ አባላት ስድስቱ ከመከላከያ ወይም ከስለላ ተቋማት ጋር የሥራ ግንኙነት ነበራቸው፤ የአባላቱም ስም በዘገባው ላይ አልሰፈረም። ዘገባው ማሠቃየትን ቢያወግዝም፣ ባለሙያው በምርመራ ወቅት በአማካሪነት ማገልገሉ ከደንቡ ጋር እንደማይጋጭ ደመደመ። የማኅበሩ ቦርድም ጥቂት ቀናት ሳይቆይ አጸደቀው።

ከግብረ ኃይሉ አባላት አንዷ ጂን ማሪያ አሪጎ በ2007 ሂደቱን በአደባባይ ተቹ። በ2008 አባላቱ በጠሩት ድምፅ አሰጣጥ 8,792 ለ6,157 በሆነ ውጤት፣ ዓለም አቀፍ ሕግ በሚጣስባቸው ማቆያ ቦታዎች መሥራትን ተቃወሙ። በ2015 የሕግ ባለሙያው ዴቪድ ሆፍማን ያቀረቡት የምርመራ ዘገባ፣ የማኅበሩ ኃላፊዎች ከመከላከያ ሚኒስቴር ባለሥልጣናት ጋር ተመካክረው መሥራታቸውን ገለጸ። ስማቸው የተነሣ አንዳንድ ሰዎች ግን ግኝቱን አጥብቀው በመቃወም ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። በኦገስት 2015 የማኅበሩ ምክር ቤት ቶሮንቶ ላይ 157 ለ1 በሆነ ድምፅ፣ ባለሙያዎች በብሔራዊ ደኅንነት ምርመራ እንዳይሳተፉ ወሰነ።

በሁለቱ አካላት መካከል ያለው ልዩነት ወታደራዊ አገልግሎት ብቻ እንዳልሆነ ልብ ሊባል ይገባል፤ ሆብስም ፍላናጋንም በጦርነቱ ጊዜ በአየር ኃይሉ አገልግለዋል። ልዩነቱ ያለው በአሠራሩ ላይ ነው። የመጀመሪያው ኮሚቴ ጥያቄውን ለአባላቱ ሁሉ አቀረበ፤ መልሳቸውን ለመመርመር ዓመታት ፈጀ፤ የሚቃወሙትንም አሰማ። ሁለተኛው በጥቂት ሰዎች፣ በሦስት ቀናት፣ በዝግ በር ወሰነ። በጎ ፈቃድ ኮሚቴን ሊያቋቁም ይችላል፤ የኮሚቴው ውሳኔ በአባላቱ ዘንድ እንዲታመን የሚያደርገው ግን ማን እንደ ወሰነ፣ ከምን ተነሥቶ እንደ ወሰነ፣ ማንንስ እንደ ሰማ በግልጽ መታወቁ ነው።