የላስታ ተማሪና የክረምት ሥራ

የአገራችን የትምህርት ዘመን በመስከረም ተከፍቶ በሰኔ ይዘጋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ክረምት የዕረፍት ጊዜ ይባል እንጂ ለብዙው ተማሪ ዕረፍትነቱ ለስሙ ያህል ነው። ለሚመጣው ዓመት የደብተር፥ የልብስና የቤት ኪራይ ገንዘብ የሚፈለገው በነዚሁ ወራት ነውና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የላስታ ተማሪ በቀድሞውም ሆነ በኋለኛው ዘመን በክረምት ምን ሥራ ያገኝ እንደ ነበረ መመርመር ነው። ነገሩ ተራ ቢመስልም ከአንድ ከባድ ጥያቄ ያደርሰናል፤ የትምህርት ቤቱ የጊዜ ሰሌዳና የአገሩ የሥራ ወቅት ሳይገናኙ ሲቀሩ ጕዳቱን የሚሸከመው ማን ነው? ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

1. አገሩና ወቅቱ

ላስታ የተራራ አገር ነው። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፥ ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ደጋው ገብስና ስንዴ፥ ወይና ደጋው ጤፍ፥ ቆላው ማሽላ ያበቅላል። ዝናሙ በሰኔ መጨረሻ ጠንክሮ ይገባል፤ በሐምሌና በነሐሴም ገበሬው ያርሳል፥ ይዘራል፥ ያርማል። ስለዚህ ክረምት በላስታ ሥራ የሚበዛበት ወራት ነው።

ነገር ግን ክረምት የአምናው እህል ከጎተራ ያለቀበት፥ የዘንድሮውም ገና በማሳ ያለበት ጊዜ ነው። በዚህ ምክንያት ለሠራተኛ የሚከፈል አይገኝም። ጎረቤት ጎረቤቱን የሚረዳው በወንፈልና በደቦ ነው፤ የወንፈል ዋጋው ጕልበትን በጕልበት መመለስ፥ የደቦም ዋጋው ምግብና ጠላ ነው። እህልም ሆነ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወረው በበጋ፥ አዝመራው ታጭዶ ከተወቃ በኋላ ነው። እንግዲህ የነገሩ ፍሬ ይህ ነው፤ በክረምት ተማሪው ነጻ ሲሆን ሥራው እንጂ ክፍያው የለም፤ በበጋ ክፍያው ሲመጣ ደግሞ ተማሪው ክፍል ውስጥ ነው።

2. የቤተ ክህነት ተማሪ

የቀድሞው ተማሪ ይህን ችግር በራሱ መንገድ ፈትቶት ነበር። የቆሎ ተማሪ ከወላጆቹ ቤት ርቆ የሚማር ሰው ነው። ከላስታ ተነሥቶ ለቅኔ ወደ ጎረቤቱ ወደ ዋድላ፥ ለዜማ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፥ ለመጻሕፍት ትርጓሜ ወደ ጎንደር መሻገር የተለመደ ነበረ። ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ለውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቍራሽ ይለምናል።

ይህን ኑሮ ልመና ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ተማሪው ለየኔታ ውሃ ይቀዳል፥ እንጨት ይለቅማል፥ እርሻ ያርማል። እጁ ለጽሕፈት የቀና እንደ ሆነ ዳዊት ይገለብጣል፤ መስፋት የሚያውቅም ልብስ ይሰፋል። በመከር ጊዜ ደግሞ ተማሪዎች ወደ ውድማው ወጥተው ገበሬው በፈቃዱ የሚሰጣቸውን እህል ይሰበስባሉ። ለእኛ ጥናት ዋናው ነገር ይህ የመጨረሻው ነው። ሕዝቡ ሀብት ባገኘ ጊዜ ተማሪው በውድማው ይገኝ ነበር፤ ትምህርቱም በደወልና በሰሌዳ ሳይሆን በቃል ጥናትና በመምህሩ ፈቃድ ስለሚመራ፥ ተማሪው ለጥቂት ቀን ቢርቅ ተመልሶ ካቆመበት ይቀጥላል።

ይህን ስንል የቀድሞውን ኑሮ ማሳመራችን አይደለም። ከረኃቡ፥ ከብርዱና ከበሽታው የተነሣ ትምህርቱን ሳይፈጽም የቀረው ብዙ ነው። ሴት ልጅም ከጥቂቶች በቀር ከዚህ ትምህርት ውጭ ነበረች። ልጃገረዶች በክረምት ከየቤቱ ስጦታ የሚቀበሉበት ሌላ ልማድ ግን አለ፤ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ በላስታ አሸንድዬ፥ በዋግ ሻደይ በሚባለው በዓል ቄጠማውን በወገባቸው ታጥቀው እየዘፈኑ ይዞራሉ። ዛሬ ብዙዎቹ የዘመናዊ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናቸው።

3. የዘመናዊ ትምህርት ቤት ሰሌዳ

ዘመናዊ ትምህርት ሲስፋፋ ዕረፍቱ በክረምት መደረጉ ያለ ምክንያት አልነበረም። በክረምት ወንዙ ሞልቶ ልጅን ከትምህርት ቤት ይከለክላል፤ ወላጅም ለአረምና ለከብት ጥበቃ የልጁን እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ በወላጆቹ ቤት እየኖረ ለሚማር ልጅ ሰሌዳው የተስማማ ነው፤ ሥራው የቤቱ ሥራ፥ ክፍያውም የቤቱ እንጀራ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ተማሪው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲሻገር ነው። የላስታ ልጅ ለብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ትምህርት የሚያገኘው ወደ ወልድያ ወይም ደሴ ወደሚገኘው ወደ ወይዘሮ ስሕን ትምህርት ቤት በመሄድ ነበር። ዛሬ በላሊበላ ከተማ ቢማርም ከገጠር የመጣው ቤት ተከራይቶ፥ በየሳምንቱ መጨረሻ ስንቁን ከቤተሰቡ ተሸክሞ እያመጣ ይኖራል። እንጀራው ከቤት ይመጣለታል፤ ኪራዩ ግን ገንዘብ ይፈልጋል። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪው ተማሪ ሣር በማጨድና አትክልት በመኰትኰት ከክፍያው ይቀነስለት ነበር፤ ሥራው ከትምህርቱ ጋር በአንድ ግቢ ስለ ነበረ የወቅት ጥል አልነበረበትም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ግን ሥራውን ከግቢው ውጭ መፈለግ አለበት።

4. የእንግዳ ገበያ

ላሊበላ በ11 ውቅር አብያተ ክርስቲያኖቿ የታወቀች ናት። በ1970 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። ከተማዋ ከእንግዳ የምታገኘው ገንዘብ ለተማሪውም ደርሶታል፤ መንገድ ያሳያል፥ ጓዝ ይሸከማል፥ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማ ይጠብቃል፥ በቅሎ ይስባል። ከቋንቋ መምህሩ ይልቅ ከእንግዶች እንግሊዝኛ የለመደም አለ።

ሆኖም የእንግዳው ገበያ የሚደራው ከመስከረም እስከ ጥር ነው። ቀድሞ የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ በአስፋልት ሳይሠራ በክረምት አውሮፕላን አያርፍበትም ነበር። ማረፊያው ከተሠራ በኋላም ቢሆን በክረምት የሚመጣው እንግዳ ጥቂት ነው። የገበያው ከፍታ ታኅሣሥ 29 ቀን የሚከበረው ገና ነው፤ ያን ጊዜ ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን ተራራውን ይሞላዋል። ስለዚህ ኪራዩን መክፈል የፈለገ ተማሪ ፈተናው በቀረበበት በታኅሣሥ ክፍሉን ትቶ ይወጣል። አንዳንዱ ይመለሳል፤ አንዳንዱ በዚያው ይቀራል። ትምህርቱን ያቆመው ሥራ ስላጣ ሳይሆን ሥራው ያለ ጊዜው ስለ መጣ ነው።

5. ወደ ቆላ መውረድ

በክረምት ገንዘብ የሚከፈልበት ሥራ የሚገኘው በሩቅ ነው። በሁመራና በመተማ የሰሊጥ እርሻ ከተስፋፋበት ከ1950ዎቹና ከ1960ዎቹ ወዲህ የወሎ፥ የጎንደርና የጎጃም ደገኛ ለአረምና ለአጨዳ ወደዚያ ይወርዳል። አረሙ በሐምሌና በነሐሴ ስለሚሆን ከተማሪው ዕረፍት ጋር ይገጥማል፤ ወሰን ለይቶ አርሞ የቀን ዋጋውን ይቀበላል። ነገር ግን አጨዳው ከመስከረም ጀምሮ ይቀጥላል፤ ያን ጊዜ ክፍያው ይሻላልና ተማሪው ምዝገባው እስኪያልፍ ሊቈይ ይፈተናል። ከዚህም በላይ ደገኛው ያለመደው የቆላ ወባና ካላዛር ብዙ ሠራተኛ ጐድቷል። የመጽሐፍ ዋጋ ይዞ ሊመለስ የወረደ ልጅ በሽታ ይዞ የተመለሰበት ጊዜ አለ።

6. የመንግሥት ጥሪ

ተማሪው ሥራ ፍለጋ ከከተማ ሲወጣ፥ መንግሥትም በበኩሉ ተማሪውን ወደ ገጠር የላከበት ዘመን አለ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፍቶ፥ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተቋቋመ በኋላ፥ በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ። ተማሪው ትምህርቱን ከመፈጸሙ በፊት አንድ ዓመት በክፍላተ ሀገር ያገለግል ነበር፤ አብዛኛው መምህር ሆኖ ሠርቷል። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በክረምቱ ልብ ተጀመረ። ዛሬም የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት በየዓመቱ ይደረጋል።

እነዚህ ሁሉ ለአገር የጠቀሙትን ያህል ጠቅመዋል፤ የተማሪውን ችግር ግን ከሥሩ አልነኩትም። ደኅና ስንቅ ያለው ክረምቱን በነጻ ማገልገል ይችላል፤ ስንቅ የሌለው ግን አገልግሎቱና የሚመጣው ዓመት ትምህርቱ ይጋጩበታል።

7. የቅርቡ ዘመን

የወሎ ገበሬ በ1958፥ በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. በደረሱት ረኃቦች ክፉኛ ተጐድቷል። ከዚያ ልምድ በኋላ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም እህል ወይም ገንዘብ እየከፈለ እርከንና መንገድ ያሠራል። ይህም ሥራ እርሻውን እንዳያውክ በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ስለሚሆን፥ ደግሞ ተማሪው ክፍል ውስጥ ባለበት ጊዜ ላይ ይውላል።

የእንግዳውም ገበያ ቢሆን ጸንቶ አልቆመም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መጣ። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች ተያዘች፤ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥም ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ቆየች። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በመንግሥት ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ግጭት ተነሣ። በእንግዳ ላይ ብቻ የተተከለ የተማሪ ኑሮ ምን ያህል ሥር እንደሌለው እነዚህ ዓመታት አሳይተዋል።

8. መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፥ ላስታ በክረምት ሥራ የሌለበት አገር አይደለም፤ የጐደለው በወቅቱ የሚከፍል ነው። እንግዲያው በክረምት የግድ የሚሠራ ሥራ፥ እንደ ችግኝ ተከላና ከትምህርት ለራቁ ልጆች ማስጠናት ያለው፥ በበጋ ከሚመደበው የሕዝብ ሥራ ገንዘብ ጥቂት ተቀንሶ ለተማሪ ቢከፈልበት መልካም ነው። ግእዝ ያነበበ ተማሪ ደግሞ በየደብሩ ያሉትን የብራና መጻሕፍት በመመዝገብ ሊሠራ ይችላል።

ሁለተኛ፥ በላሊበላና በአካባቢዋ ያሉ ትምህርት ቤቶች የዓመቱን አጋማሽ ዕረፍት በገናና በጥምቀት መካከል ቢያደርጉት፥ ተማሪው ከክፍሉ ሳይሰወር የወቅቱን ገንዘብ ያገኛል። ፈተናውን ሁለት ሳምንት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማድረግ ከባድ ወጪ አይጠይቅም።

ሦስተኛ፥ ከቤተ ክህነቱ ተማሪ ልንወስደው የሚገባን አኩፋዳውን ሳይሆን ሥርዐቱን ነው። የኔታ ትምህርቱን ከአገሩ መከር ጋር አስማምተው ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ቤት በመጽሐፍና በቤተ ሙከራ ይበልጣቸዋል፤ በዚህ አንድ ነገር ግን ገና አልደረሰባቸውም። በታኅሣሥ ባዶ የሚሆኑትን ወንበሮች የሚቈጥር መምህር በልጁ ስንፍና ከመፍረዱ በፊት የጊዜ ሰሌዳውን ቢመረምር፥ ከወንበሮቹ ጥቂቱን ሊያስመልስ ይችላል።