ታልክ፣ ቀይ አፈርና የዝሆኔ መዝገብ

እ.ኤ.አ. በ1971 የካርዲፍ ተመራማሪዎች 13 የኦቫሪ ዕጢዎችን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መርምረው በ10ሩ ውስጥ የታልክ ቅንጣት ማግኘታቸውን አሳተሙ። በጽሑፉ ላይ ቀድሞ የሰፈረው ስም ደብልዩ ጄ ሄንደርሰን ነው። በ1978 ይኸው ስም በኢትዮጵያ ስላለው የእግር እብጠት፣ ስለ ዝሆኔ፣ በተጻፈ ጥናት ላይ ብቅ ይላል። የተመረመረው በባዶ እግራቸው የሚሄዱ ሰዎች የሊምፍ ዕጢ ነበር፤ የጥናቱ መሪ ደግሞ እዚህ አገር የሠራው ብሪታንያዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ። (የሕጉ ዓመት ሲቀር ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የታልኩ ነገር ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2018 በሚዙሪ የሕዝብ ዳኞች ፓውደር አምራቹ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ለ22 ከሳሾች 4.69 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰኑ፤ ይግባኝ ሰሚው ችሎት ወደ 2.1 ቢሊዮን አወረደው። በዚያው በ2018 ሮይተርስ የኩባንያውን የውስጥ ሰነዶች አገላብጦ፣ ከ1971 ጀምሮ አንዳንድ ናሙናዎች ላይ ጥቂት አስቤስቶስ መታየቱን ኩባንያው ያውቅ እንደነበር ዘገበ። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ምርቴ ጉዳት የለውም ማለቱን አልተወም፤ ሆኖም ከታልክ የሚሠራውን የሕፃን ፓውደር በ2020 ከሰሜን አሜሪካ፣ በ2023 ከመላው ዓለም ገበያ አወጣ። በ2025 የሂውስተን ዳኛ ክሶቹን በኪሳራ ሕግ በኩል ለመቋጨት የቀረበውን ዕቅድ ውድቅ አደረጉት።

ፕራይስ ግን ሰነድ አውጣ የሚለው ኩባንያ አልነበረውም። ከእሱ በፊት በ1969 ጥናቱን ያሳተመው ኡመን የተባለ ተመራማሪ ገበያ ለገበያ እየዞረ እግሩ ያበጠውን ሰው ቆጥሮ ነበር። ብልህ ዘዴ ነው፤ ሐኪም ቤት ያልደረሰ ሕመምተኛም ገበያ መውጣቱ አይቀርም። ፕራይስ በዚህ ቆጠራ ላይ የአፈሩንና የዓለቱን ጠባይ ጨመረበት። ይህ ዝሆኔ ትንኝ ከምታስተላልፈው ትል ከሚመጣው የተለየ ነው። የሚበዛው ከእሳተ ገሞራ ዓለት በወጣ ቀይ አፈር ላይ፣ ዝናብ በሚጠግብ ደጋና ወይና ደጋ፣ ገበሬው ያለ ጫማ በሚያርስበት አገር ነው።

ከዳባት ተነሥቶ በደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን የወረደ ሰው የዚህን ዓለት ጠባይ በዓይኑ ያየዋል። የሰሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልት የተነባበሩ ናቸው። ደባርቅ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኗ በሽታው ከሚታወቅበት ከፍታ ጫፍ ላይ ናት፤ ከሊማሊሞ ሥር ያሉት መንደሮች ግን፣ በከፍታ ብቻ ከተሄደ፣ ወሰኑ ውስጥ ይገባሉ። በረባሶ ከእሾህና ከድንጋይ ያድናል እንጂ አፈሩን አያግደውም።

አጀማመሩ ቀላል ይመስላል። እግር ያሳክካል፣ ያቃጥላል፤ ማታ ያበጠው አድሮ ይጎድላል። እየቆየ ግን እብጠቱ መጉደሉን ይተዋል፣ ቆዳው ይሻክራል፣ ጣቶች ይደድራሉ። በየጊዜው ትኩሳት ያለው ሕመም እየተነሣ ሰውየውን ከእርሻው አስቀርቶ ያስተኛዋል።

ፕራይስና ሄንደርሰን በዕጢዎቹ ውስጥ ሲሊኮንና አሉሚኒየም ያዘሉ ረቂቅ ቅንጣቶች አገኙ። ችግሩ እግራቸው ባላበጠ ባዶ እግረኞችም ውስጥ መገኘታቸው ነው። የታልክ አምራቾች ጠበቆች የተከራከሩት ይህንኑ ይመስላል፤ ቅንጣት ተገኘ ማለት አሳመመ ማለት አይደለም ነው ነገሩ። ክርክሩ ከንቱ አልነበረም። በ2020 የ252,745 ሴቶችን መረጃ ያጠቃለለ ጥናት በፓውደርና በኦቫሪ ካንሰር መካከል አስተማማኝ የሚባል ግንኙነት አላገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ደግሞ በ2024 ታልክን «ካንሰር አምጪ ሳይሆን አይቀርም» ከሚላቸው ተርታ መደበው።

ለዝሆኔ ከፊል መልስ የመጣው በ2012 ነው። ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በወላይታ 194 ሕሙማንን ከ203 ጤነኞች ጋር አነጻጽረው፣ የሰውነትን የመከላከል ሥርዓት የሚመሩ አንዳንድ ዘረ መሎች ለበሽታው እንደሚያጋልጡ አሳዩ። ጎረቤት «በዘራቸው ነው» እያለ ጋብቻ ሲከለክል የኖረበት ነገር ግማሽ እውነት ነበረው ማለት ነው። ሌላው ግማሽ አፈሩ ነው፤ የተጋለጠ ዘር ያለው ሰው እግሩ አፈር ካልነካ አይታመምም።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው እንደ ወጉ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ፓውደር የጎዳው ሰው በዚህ አንቀጽ ሊከስ ይችላል። የሰሜንን አፈር ግን የሠራው ፋብሪካ የለም፤ በቀይ አፈር እግሩ ያበጠ ገበሬ በ2085 የሚጠራው ተከሳሽ አያገኝም። የአሜሪካኑን መዝገብ ጠበቃ አስገድዶ አስወጣው፤ የእኛው የተሰበሰበው በገበያ ቆጣሪና በሐኪም ፈቃድ ነው። ከዚያ መዝገብ ውስጥ ለሕመምተኛው ቶሎ የሚደርሰው በ2018 የታተመው የምሥራቅ ጎጃም ሙከራ ነው። በ696 ሕሙማን ላይ እግር በሳሙናና በውሃ መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ተሞክሮ፣ የሚያስተኛው ትኩሳት የሚነሣበት ጊዜ ቀንሷል።