ለይቶ ማስገር፦ ደካማው የሳልመን መንጋ ከብርቱው ጋር እንዳይጠፋ

«ለይቶ ማስገር» አስጋሪው የሚፈልገውን ዓሣ ሲይዝ የማይፈለገው ከመረቡ እንዲርቅ፣ ከገባም በሕይወት እንዳለና ሳይጎዳ ወደ ውኃው እንዲመለስ የሚደረግበትን የአሰጋገር ሥርዓት ለመግለጽ እዚህ የቀረበ የአማርኛ ስያሜ ነው። ትርጉሙ የካናዳ የዓሣ ሀብትና የውቅያኖስ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ለፓስፊክ ጠረፉ ካወጣው ፖሊሲ ጋር የሚስማማ ሲሆን፣ በዚያ ሰነድ ጥበቃው ከዓሣ አልፎ የባሕር ወፎችንና አጥቢ የባሕር እንስሳትን ይጨምራል። «መርጦ ማስገር» ቢባል ለገበያ የሚሆነውን ትልቁን ዓሣ ማንሳት ብቻ ሊመስል ስለሚችል፣ ዓሣን ከዓሣ የመለየቱን ተግባር በግልጽ የሚናገረው የመጀመሪያው ስያሜ የተሻለ ነው። ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስያሜው ሙሉ ትርጉም የሚያገኘው ስለ ሳልመን አኗኗር ጥቂት ከታወቀ በኋላ ነው። ሳልመን በወንዝ ጠጠር ውስጥ ከዕንቁላል ተፈልፍሎ፣ እንደ ዝርያው ለአጭር ወይም ለረጅም ጊዜ ጨው በሌለው ውኃ ቆይቶ ወደ ውቅያኖስ የሚወርድ፣ በዚያ አድጎና ስብ አካብቶ ለመራባት ወደ ተወለደበት ወንዝ ሽቅብ የሚመለስ ዓሣ ነው። ወደ ትውልድ ገባሩ ሲቃረብ ዋና መሪው ሽታ ነው፤ የዚያ ውኃ ልዩ ሽታ ገና ትንሽ ሳለ በአእምሮው ተቀርጾ ይቀራልና። በሰሜን አሜሪካ ከሚገኙት አምስቱ የፓስፊክ ሳልመኖች፣ ማለትም ከቺኑክ፣ ከሶካይ፣ ከኮሆ፣ ከቸምና ከፒንክ፣ ዕንቁላሉን ከጣለና ዘሩን ካፈሰሰ በኋላ በሕይወት የሚቆይ የለም፤ የቅርብ ዘመዳቸው ስቲልሄድ ግን አንዳንድ ጊዜ ወደ ባሕር ተመልሶ ለሁለተኛ ጊዜ ለመራባት ይበቃል። በአንድ ወቅት ወደ አንድ ወንዝ ወይም ገባር የሚወጣው የአንድ ዝርያ ስብስብ በዚህ ጽሑፍ «የሽቅብ መንጋ» ተብሏል። ዓሣው ወደ ተወለደበት ስለሚመለስ አንዱ መንጋ ከሌላው ጋር እምብዛም አይዳቀልም፤ በዚህም የተነሣ እያንዳንዱ መንጋ በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ለገባሩ ሙቀት፣ ለፏፏቴው ከፍታና ለጉዞው ርቀት የሚስማማ የራሱን ተፈጥሮ ይዟል፤ አንዱ ቢጠፋ ጎረቤቱ በቀላሉ ሊተካው አይችልም። በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት ወደሚገኘው፣ ከባሕር ወደ 1,400 ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው ሬድፊሽ ሐይቅ ይወጣ የነበረው የሶካይ መንጋ በ1991 ለመጥፋት እንደተቃረበ በሕግ ተመዝግቦ፣ በ1992 ተመልሶ የመጣው አንድ ወንድ ዓሣ ብቻ ነበር። በዚያ መንጋ ላይ የደረሰው ጥፋት በአብዛኛው ከግድቦች ጋር የተያያዘ ቢሆንም፣ አንድ የሽቅብ መንጋ ምን ያህል ሊመነምን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

ማስገር ችግር የሚሆነው የተለያዩ መንጋዎች ሳይለያዩ ሲያዙ ነው። በባሕርና በወንዝ አፍ ላይ የብዙ ገባሮች ዓሦች ተቀላቅለው ስለሚዋኙ፣ በዚያ የተዘረጋ መረብ ብርቱውንና ደካማውን መንጋ በአንድነት ይይዛል፤ ይህም «የቅይጥ መንጋ ማስገር» ሊባል ይችላል። ቁጥሩ የበዛው መንጋ ከመቶው ስልሳው ቢያዝበት የቀረው ወንዙን ለመሙላት ሊበቃ ይችላል፤ አብሮት የሚጓዘው ትንሽ መንጋ ግን በዚያው መጠን ቢያዝበት ከዓመት ወደ ዓመት እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ የብርቱው መንጋ መብዛት ራሱ ለደካማው አደጋ ይሆናል፤ ዓሣው በዝቷል ተብሎ የማስገሪያው ቀን ሲጨመር የሚጎዳው ያልበዛው ነው።

ይህ ነገር በምዕራብ ካናዳ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት በሚገኘው የስኪና ወንዝ በግልጽ ታይቷል። ወንዙ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በፕሪንስ ሩፐርት ከተማ አቅራቢያ ፓስፊክ ውቅያኖስ የሚገባ ሲሆን፣ ወደ እርሱ ከሚወጣው ሶካይ አብዛኛው የባቢን ሐይቅ ተወላጅ ነው። የሐይቁ ነባር ሕዝቦች ከሐይቁ በሚወጣው ወንዝ ላይ ከእንጨት አጥር ሠርተው ዓሣውን ከትውልድ ስፍራው አጠገብ ይይዙ ነበር፤ አጥሩ ሲከፈት መንጋው ያልፋል፣ ሲዘጋ ይያዛል፤ የሚያዘውም የባቢን ዓሣ እንጂ የሌላ ገባር ዓሣ አልነበረም። ከ1870ዎቹ ጀምሮ በወንዙ አፍ የተቋቋሙት የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካዎች ግን አጥሩ ዓሣውን ያጠፋል ብለው አቤቱታ አቀረቡ፤ የመንግሥት ሹማምንትም አጥሮቹን አፈረሱ፤ በ1906 በተደረገው ስምምነት የባቢን ሰዎች አጥራቸውን ትተው በምትኩ መረብና ሌሎች የተስፋ ቃሎችን ተቀበሉ። ለይቶ የሚይዘው መሣሪያ ተከልክሎ ሁሉን የሚይዘው መረብ በወንዙ አፍ መስፋፋቱ በዓሣ አስተዳደር ታሪክ ውስጥ ከተፈጸሙት ከባድ ስህተቶች አንዱ ነው፤ በነባር ሕዝቦቹ ላይ ያደረሰው የኑሮ ጉዳትም ከዓሣው ጉዳት ተነጥሎ የሚታይ አይደለም።

ችግሩን ይበልጥ ያባባሰው ለበጎ የታሰበ ሥራ ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮ መንግሥት በፉልተን ወንዝና በፒንከት ወንዝ አጠገብ ሶካይ የሚራባባቸው ሰው ሠራሽ ቦዮችን አሠራ፤ ቦዮቹም ከፍተኛ ቁጥር ያለው ዓሣ ሰጡ። ይህንን ትርፍ ለመሰብሰብ በወንዙ አፍ ሲሰገር ግን በሐምሌና በነሐሴ አብረው የሚያልፉት የስቲልሄድና የኮሆ መንጋዎች፣ እንዲሁም እንደ ኪትዋንጋ ያሉ ትንንሽ የሶካይ መንጋዎች በዚያው መረብ ውስጥ ይገቡ ነበር። በ1998 የላይኛው ስኪናና በዚያው ግዛት ያለው የቶምሰን ወንዝ ኮሆ መመናመን አስጊ ደረጃ ላይ በመድረሱ የወቅቱ የካናዳ የዓሣ ሀብት ሚኒስትር ዴቪድ አንደርሰን በእነዚህ መንጋዎች ላይ በማስገር ምክንያት አንድም ሞት እንዳይደርስ የሚያዝ ጥብቅ እርምጃ አወጁ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው ለይቶ የማስገር ፖሊሲ የዚህ እርምጃ ተከታይ ነው።

ለይቶ ማስገር የሚፈጸምበት መንገድ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው በጊዜና በቦታ መለየት ነው፤ ደካማው መንጋ በሚያልፍባቸው ሳምንታት መረብ አይዘረጋም፣ ወይም ማስገሩ መንጋዎች ተለያይተው ወደየገባራቸው ከገቡ በኋላ ይካሄዳል። ሁለተኛው በመሣሪያው አሠራር መለየት ነው። የተለመደው የስንጥብ መረብ ዓሣው አንገቱን ካስገባ በኋላ መተንፈሻ አካሉ በሆነው በስንጥቡ ላይ ተጠምዶ እንዲቀር የሚያደርግ በመሆኑ፣ ዓሣው ብዙውን ጊዜ ሲወጣ ወይ ሞቷል ወይ ሊሞት ተቃርቧል። በዚህ ፈንታ ዓይኑ ጠበብ ያለ መረብ ሲዘረጋ ዓሣው በአፉ ወይም በጥርሱ ብቻ ስለሚያዝ ስንጥቡ አይታነቅም፤ ለዚህም «የጥርስ መረብ» የሚል ስያሜ ሊስማማው ይችላል። ስቲልሄድ ወደ ውኃው ገጽ ቀርቦ መዋኘት ስለሚያዘወትር፣ የመረቡን የላይኛ ጠርዝ ከገጹ ዝቅ አድርጎ መትከልም ተሞክሯል። ሦስተኛው ዓሣውን በሕይወት ይዞ ከዚያ በኋላ መለየት ሲሆን፣ መንጋውን ከቦ የሚይዘው መረብ፣ የወንዝ አጥርና በወራጁ ውኃ ኃይል የሚሽከረከረው የዓሣ መንኮራኩር እዚህ ውስጥ ይመደባሉ። በኮሎምቢያ ወንዝ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተስፋፋው ይህ መንኮራኩር እጅግ ብዙ ዓሣ ያነሣል ተብሎ በኦሪገንና በዋሽንግተን ግዛቶች የተከለከለ ነበር፤ ዛሬ በሰሜን፣ በካናዳው የናስ ወንዝ ላይ፣ የኒስጋ ነባር ሕዝብ ዓሣን በሕይወት ይዞ ለመቁጠርና ለመልቀቅ ይጠቀምበታል። ከዚህ የሚታየው መሣሪያ በራሱ ጥሩም መጥፎም አለመሆኑና ወሳኙ በውስጡ የገባው ዓሣ የሚደረግበት ነገር መሆኑ ነው።

ብዙ ጊዜ ችላ የሚባለው ጉዳይ የተለቀቀው ዓሣ ዕጣ ነው። ዓሣ ከእጅ ወጥቶ ዋኝቶ መሄዱ ተረፈ ማለት አይደለም፤ በትግሉ የተነሣ በጡንቻው የተከማቸው አሲድ፣ የተላጠው ቅርፊቱና በእጅ የተጠረገው የቆዳው ዝልግልግ ሽፋን ከቀናት በኋላ ሊገድሉት ይችላሉ፤ ውኃው ሲሞቅ ደግሞ የሞቱ ዕድል ይጨምራል። ለመራባት የሚጓዝ ሳልመን ወንዝ ከገባ በኋላ የማይመገብና በስቡ ብቻ የሚጓዝ በመሆኑ፣ በመረብ ውስጥ ያባከነውን ኃይል ከየትም አይተካውም። ስለዚህ በካናዳና በአሜሪካ ደንቦች መረቡ ውኃ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ እንዲያጥር ይደረጋል፤ ከቦ በሚይዘው መረብ የተሰበሰበውን በአንድ ጊዜ ወደ ጀልባው ከመጎተት ይልቅ በትንንሽ መጭለፊያ መረብ እየቀዱ መለየት ይታዘዛል፤ የደከመውም ዓሣ ንጹሕ ውኃ ወደ አፉ በሚፈስበት ሳጥን ውስጥ እስኪያገግም ይቆያል። በመንጠቆ ለሚያጠምዱት ደግሞ ወደኋላ የተመለሰ ሹል የሌለው መንጠቆ ግዴታ የሆነባቸው ወንዞች ብዙ ናቸው። የለይቶ ማስገር ትክክለኛ መለኪያ የተለቀቀው ዓሣ ቁጥር ሳይሆን እስከ መራቢያው ደርሶ የተራባው ዓሣ ቁጥር ነው፤ ይህንን ሳይለኩ ለይተናል ማለት ባዶ ሪፖርት ይሆናል።

በኮሎምቢያ ወንዝ የተለመደው ሌላው ስልት በምልክት መለየት ነው። በማራቢያ ጣቢያ የሚያድጉ ትንንሽ ዓሦች ወደ ወንዝ ከመለቀቃቸው በፊት በጀርባ ክንፍና በጭራ መካከል ያለችው ትንሽዋ ሥጋማ ክንፍ ትቆረጣለች፤ ከዓመታት በኋላ ክንፍ የሌለው የጣቢያ ዓሣ ተይዞ ይቀራል፣ ክንፉ ያለው የዱር ዓሣ ይለቀቃል። ዘዴው ለዓይን ቀላልና ለአስጋሪው ግልጽ ነው፤ ሆኖም ከጣቢያ የወጣውን ከዱሩ ቢለይም ብርቱውን የዱር መንጋ ከደካማው የዱር መንጋ ሊለይ አይችልም። ያንን የሚችለው ቦታ ነው፤ ማለትም ወደ ትውልድ ገባሩ ተጠግቶ ማስገር። ይህም ዋጋ ያስከፍላል፤ ሳልመን ወንዝ በወጣ ቁጥር ስቡ እያለቀ ሥጋው እየነጣ ስለሚሄድ በባሕር የተያዘው በገበያ የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ቢሆንም የባቢን ሐይቅ ሰዎች ከመራቢያ ፍላጎት የሚተርፈውን ሶካይ ዛሬ ከሐይቁ አጠገብ ያሰግራሉ፤ ከመቶ ዓመት በፊት የተወሰደባቸው አሠራር ትክክል እንደነበር ይህ በቂ ምስክር ነው።

ኢትዮጵያ ሳልመን የላትም፤ ነገር ግን የሽቅብ መንጋ አላት። በጣና ሐይቅ የሚኖሩት፣ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች ያሏቸው የላቤኦባርበስ ወገን ዓሦች አብዛኞቹ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ሲሆኑ፣ ከእነርሱ በርከት ያሉት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ባሉ ወንዞች አፍ ተሰብስበው ሽቅብ ይወጡና በገባሮቹ ጠጠር ላይ ይራባሉ። ለብዙ ዘመን በደንገል ታንኳ ይካሄድ የነበረው ማስገር በ1980ዎቹ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ሲጨመሩበት፣ አስጋሪዎች ዓሣው በብዛት የሚገኝበትን የወንዝ አፍ በመራቢያው ወቅት ማዘውተር ጀመሩ፤ በ1991 እና በ2001 መካከል የተደረገው ንጽጽርም የእነዚህ ዓሦች ክምችት በክብደት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን አሳየ። በወንዞቹ ላይ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ዓሣን ማደንዘዝ ደግሞ ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ ስለሚፈጅ የለይቶ ማስገር ፍጹም ተቃራኒ ነው። ቀረሶና አምባዛ ለመራባት የእነዚህን ወንዞች ጠጠር የማይጠብቁ በመሆናቸው በሐይቁ ውስጥ ሊሰገሩ ይችላሉ፤ የላቤኦባርበስ ዝርያዎችን ግን በመልክ መለየት ለሠለጠነ ዓይንም ስለሚያስቸግር በመረብ ዓይን ስፋት ወይም በመልቀቅ ብቻ ማዳን አይቻልም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ለቁጥጥሩ ሕጋዊ መሠረት ጥሏል፤ ጣና የሚገኝበት ክልል ባለሥልጣናት፣ የአስጋሪ ማኅበራትና የወንዞቹ ዳር ገበሬዎች ተመካክረው የጉማራን፣ የርብንና የመገጭን አፎች በመራቢያው ወራት ከመረብ ነጻ ማድረግ፣ የብርብራውንም አጠቃቀም ማስቆም ይገባቸዋል።