ለመፈታት የተሠራ ብረት

ቤንጃሚን ፍራንክሊን ግሬቭሊ መተዳደሪያው ፎቶግራፍ ነበር። በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት፣ ቻርልስተን ከተማ ውስጥ ስቱዲዮ ነበረው፤ እጁ ግን ከብረት አይጠፋም ነበር። በሰው ጉልበት የምትገፋ የአትክልት ማረሻ ወሰደና ኢንዲያን ከተባለው ሞተር ብስክሌት የተነቀሉ ክፍሎችን ገጠመባት። ከብዙ መፍታትና መግጠም በኋላ አንድ ጎማ ብቻ ያላት፣ ሰው እጀታዋን ይዞ ከኋላዋ የሚከተላት የሞተር ማረሻ ወጣች። እ.ኤ.አ. በ1916 የፈጠራ መብት ተሰጣት፤ በ1922 ደግሞ ደንባር በምትባለው ጎረቤት ከተማ ኩባንያ ተቋቋመላት።

በ1930ዎቹ ባለ ሁለት ጎማው ሞዴል ኤል ተከተለ። በዚህ ማሽን ላይ ኃይሉ ከሞተሩ ወደ ጎማውም ሆነ ከፊት ወደተገጠመው መሣሪያ የሚሄደው በጥርስ ብቻ ነው፤ የሚላላ ቺንጋ፣ የሚበጠስ ሰንሰለት የለውም። ከተሠሩ ሰባና ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እነዚህ ማሽኖች ዛሬም በየገጠሩ ሲያርሱና ሲያጭዱ ይገኛሉ። ስቱድቤከር የተባለው የመኪና ኩባንያ በ1960 ግሬቭሊን ገዝቶት ነበር። ሦስት ዓመት ገደማ ቆይቶ ስቱድቤከር የሳውዝ ቤንድ መኪና ፋብሪካውን ዘጋ፤ የፎቶ አንሺው ማረሻ ግን ሌላ ባለቤት አግኝቶ መሠራቱን ቀጠለ።

ይህን ዕድሜ የሰጠው የብረቱ ውፍረት ብቻ አይመስለኝም። ግሬቭሊም ሆነ ከእሱ በኋላ የመጡት ሠሪዎች ማሽኑን ሲነድፉ አንድ ቀን ባለቤቱ ወይም የመንደሩ መካኒክ እንደሚፈታው አውቀው ነበር። ቡሎኑ ቁልፍ የሚገባበት ቦታ ተትቶለታል። ኩሽኔታው ሲያረጅ ተገፍቶ ወጥቶ ሌላ ይተካበታል። ከማሽኑ ጋር የሚሰጠው መመሪያ እያንዳንዱን ክፍል በሥዕልና በቁጥር ያሳያል። አሮጌ የጓሮ ትራክተር ማደስ ዛሬ የሚቻለው ያኔ አንድ ነዳፊ ይህን ሁሉ ስላሰበ ነው። እድሳቱን የማከብረውም የዚያን ሰው አሳብ እስከ መጨረሻው ስለሚያደርሰው ነው።

የጓሮ ትራክተር ስንል ሣር ማጨጃ ማለታችን አይደለም። ሁለቱ ከሩቅ ይመሳሰላሉ፤ ልዩነታቸው መሬት ሲነካ ይታያል። ሣር ማጨጃው የተሠራው ራሱንና ነጂውን ተሸክሞ እንዲንሸራሸር ነው። የጓሮ ትራክተሩ ሻንሲና ካምቢዮ ግን አፈር ውስጥ የተቀበረ ማረሻ እንዲጎትት የተሠሩ ናቸው።

የጓሮ ትራክተር ዘመን የደራው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። አሜሪካዊው ከከተማ መሃል ወጥቶ ዳር ዳሩን ቤት ሠራ፤ ያገኘው ግቢ ለፈረስ የሚያንስ፣ ለእጅ የሚበዛ ነበር። ኤልመር ፖንድና ልጁ ሴሲል እ.ኤ.አ. በ1946 በኢንዲያና ግዛት፣ በዚያችው በሳውዝ ቤንድ ከተማ፣ በኋላ ዊል ሆርስ የተባለውን ቀይ ትራክተር መሥራት ጀመሩ። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር በ1961 ገደማ ቢጫና ነጩን ከብ ካዴት ከሉዊቪል ኬንታኪ አወጣ። ለካምቢዮውም ሩቅ አልሄደም፤ ፋርሞል ከብ ከተባለው ትንሽ የእርሻ ትራክተሩ ወሰደ። ይህ የመጀመሪያ ሞዴል እስከ 1963 ድረስ 65,000 ያህል ተሠርቷል። በዚያው በ1963 ጆን ዲር 110 የተባለውን ከሆሪኮን ዊስኮንሲን ይዞ ገበያ ገባ።

ከብ ካዴቱም ጆን ዲሩም ሲጀምሩ የገጠሙት ሞተር አንድ ዓይነት ነበር፤ ባለ 7 የፈረስ ጉልበት ኮለር። ኮለር የዊስኮንሲን ኩባንያ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው በመታጠቢያ ገንዳዎቹ ነው። ኬ ተብሎ የሚጠራው የሞተር ቤተሰቡ ብሎኩ ቀልጦ የተቀዳ ብረት ነው፤ ባለ አንድ ሲሊንደሮቹ እስከ 16 የፈረስ ጉልበት ይደርሳሉ። ዊል ሆርስም ብዙ ሞዴሎቹን በእሱ አስነስቷል። ለአዳሽ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ አንዱን ኮለር ፈትቶ የገጠመ ሰው ቢጫው፣ አረንጓዴውና ቀዩ ትራክተር አይከብደውም።

ሥራው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ዝጎ በያዘ ሞተር ነው። ትራክተሩ ጎተራ ሥር ወይም ዛፍ ሥር ዓመታት ቆሟል፤ እርጥበት ክፍት በቀረው ቫልቮላ ሾልኮ ገብቶ ፋሻዎቹን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር አጣብቋቸዋል። እዚህ ላይ ጉልበት ሞተር ይገድላል። መዶሻ ያነሳ ሰው ፒስተኑን ይሰነጥቃል ወይም ቢዬላውን ያጣምማል። አዋቂዎቹ ካንዴላውን ይፈቱና አሴቶንና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ቀላቅለው ወደ ውስጥ ያፈሳሉ። ድብልቁ በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ ሥራው ደጅ ላይ፣ ከእሳት ርቆ ነው። ከዚያ ቀናት ይጠብቃሉ። በየቀኑ ቮላኖውን በእጅ ወዲህ ወዲያ ይሞክሩታል፤ የፀጉር ያህል ከተንቀሳቀሰ ሥራው ተጀምሯል ማለት ነው።

ሞተሩ ከዞረ በኋላም ሳይከፈት አይነሳም። በእነዚህ ኮለሮች ላይ ቫልቮላዎቹ ያሉት ከሲሊንደሩ ጎን፣ ብሎኩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቴስታታው ከክዳን አይበልጥም፤ ቡሎኖቹን ፈትቶ ማንሳት ነው። ከሥሩ የተጋገረው ጥላሸት ይፋቃል። ቴስታታው በሙቀት ተጣሞ እንደሆነ ለማወቅ ወፍራም መስታወት ላይ የብርጭቆ ወረቀት አንጥፎ ማሸት ይበቃል፤ ወረቀቱ ያልነካው ቦታ ጎድጉዷል ማለት ነው። ቀጥ እስኪል ይታሽና በአዲስ ጓርኒሲዮን ይገጠማል። ሲሊንደሩ ራሱ ተበልቶ ከሆነ ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፤ ቀልጦ የተቀዳ ብረት ስለሆነ ተቦርቡሮ ሰፋ ያለ ፒስተን ሊቀበል ይችላል።

እሳት የሚቆርጠው ፑንቲና ከሞተሩ ውጪ፣ ከትንሽ ክዳን ሥር ተቀምጧል። ክፍተቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። ዓመታት የቆመ ሞተር እሳት አልሰጥ ሲል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፑንቲናው ፊት መዛጉ ብቻ ነው። በ1960ዎቹ በብዙዎቹ ትራክተሮች ላይ ደግሞ ሞተሪኖና ዲናሞ አንድ አካል ናቸው፤ ያው ዕቃ በቺንጋ ሞተሩን ያስነሳና ከተነሳ በኋላ ባትሪ ይሞላል። ይህ ዕቃ ከተጠገነ በኋላ መጀመሪያ ከባትሪው ጋር በሽቦ ለቅጽበት ተነካክቶ ፖላሪቲው እንዲስተካከል ይደረጋል። ይህን የዘለለ ሰው ባትሪው ለምን እንደማይሞላ ሲፈልግ ይከርማል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ፋብሪካው የሠራውን መልሶ አለመግጠም ተገቢ ይመስለኛል። ኮለር ከባለ 10 የፈረስ ጉልበት ጀምሮ ባሉት ብዙ ሞተሮቹ ውስጥ ንዝረት እንዲቀንሱ ሁለት ሚዛን ጠባቂ ማርሾች አስገብቶ ነበር። ማርሾቹ የሚዞሩበት ኩሽኔታ ሲያረጅ ይላቀቃሉ፤ የተላቀቀ ማርሽ በሚዞር ሞተር ውስጥ ብሎኩን ሰብሮ ይወጣል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አዳሾች ሞተሩን በከፈቱ ቁጥር አውጥተው ያስቀምጧቸዋል። ሞተሩ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ብሎኩ ግን ይተርፋል። ለታሪክ ታማኝነት ብሎ መልሶ መግጠም ለእኔ ማሽኑን መበደል ነው።

ሌላው የእነዚህ ሞተሮች ገዳይ የዘይት ማነስ ነው። የዘይት ፓምፕ የላቸውም። ቢዬላው ከሥሩ ማንኪያ መሰል ምላስ አለው፤ በዞረ ቁጥር ዘይቱን እየጨለፈ ይረጫል። ዘይቱ ከጎደለ ወይም ትራክተሩ ገደላማ ቦታ ላይ ረጅም ጊዜ ካዘነበለ ምላሱ አየር ይመታል። ቢዬላው ይነክስና ይሰበራል፤ ስባሪውም ብሎኩን ይበሳል። አሮጌ ትራክተር ለመግዛት የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የብሎኩን ጎን ነው። እዚያ የብየዳ ጠባሳ ካለ የቀድሞው ባለቤት ዘይት አይለካም ነበር።

ወደ ቆርቆሮው ስንመጣ ትዕግሥት የሚፈተነው እዚህ ነው። ዝገት በሽቦ ብሩሽ ሲፋቅ ጤነኛው ብረትም አብሮ ይላጫል። ስለዚህ በፕላስቲክ በርሜል ውኃ ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ ይበጠበጥና የዛገው ክፍል ከባትሪ መሙያው ኔጌቲቭ፣ ሌላ የማይፈለግ ቁራጭ ብረት ደግሞ ከፖዘቲቩ ጋር ይታሰራል። ዝገቱ በኤሌክትሪክ እየለቀቀ ይወርዳል፤ ጤነኛው ብረት አይነካም። ሥራው የግድ ደጅ ላይ ነው፤ ከውኃው የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጂን ስለሆነ ይፈነዳል። በፖዘቲቩ በኩል የማይዝግ ብረት ማሰርም ክልክል ነው፤ ውኃውን በመርዛማ ክሮሚየም ይበክለዋል።

ቀለም የመጨረሻው ሥራ መሆን ሲገባው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ይሆናል። ጆን ዲር እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1971 ፓቲዮ የተባሉ ትራክተሮች ሸጦ ነበር። አካላቸው ነጭ ሆኖ ቦኔታቸውና መቀመጫቸው ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ነበር። ገበያው አረንጓዴውን ለምዶ ስለነበር አልሰመረላቸውም፤ አንዳንዶቹም ቆይተው አረንጓዴ ተቀቡ። ዛሬ እጅግ የሚፈለጉት እነሱ ናቸው። በአረንጓዴው ሥር ምን እንዳለ ሳያይ የፋቀ ሰው ታሪኩን አብሮ ፍቆታል። የፋብሪካው ቀለም ግማሹ እንኳ ቢቀር ታጥቦና ተወልውሎ እንዲቆይ እመርጣለሁ።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚያሳዝነው የተቀጥላዎቹ ነገር ነው። ትራክተሩን ትራክተር ያደረገው የሚጎትተውና የሚያዞረው ዕቃ ነበር፤ ማረሻው፣ መኮትኮቻው፣ የበረዶ መጥረጊያው፣ ተጎታቹ። ባለቤቱ ሲሞት ግን ትራክተሩ ለአንዱ፣ ማረሻው ለሌላው ይሸጣል፤ የማገናኛው ብረት ደግሞ ምንነቱ ሳይታወቅ ለቁራሌው ይሄዳል። ማገናኛ የሌለው ማረሻ ትርፉ ክብደቱ ነው። ማሽን ገዢ ሻጩን "ከዚህ ጋር የነበሩ ብረቶች የት አሉ?" ብሎ ጎተራውን ሳያስፈትሽ መሄድ የለበትም።

የግሬቭሊ ተቀጥላዎች ለብቻቸው ሊወሱ ይገባል። ከፊት በቡሎን የሚታሰሩ ናቸው፤ በዚያ አንድ ሞተር ሣር ይታጨዳል፣ ቁጥቋጦ ይመነጠራል፣ በረዶ ይጠረጋል። ዕፁብ የሚባለው ግን የሚሽከረከረው ማረሻ ነው። ቀጥ ብሎ በቆመ ዘንግ ላይ የተጠመዘዙ ምላጮች አሉት፤ እየዞሩ መሬት ይገቡና አፈሩን አድቅቀው ወደ ጎን ይወረውሩታል። አንድ ጊዜ ሲያልፍ ያርሳል፣ ያለሰልሳል፣ መደብ ያወጣል። ይህ ዕቃ ሲታደስ የማርሽ ቤቱ ይከፈታል፣ የዘይት መያዣ ጎማው ይቀየራል፣ ምላጮቹ ተበልተው ከሆነ በብየዳ ብረት ይጨመርባቸዋል። የሣር ማጨጃዎች ቀፎ ሌላ በሽታ አለው። እርጥብ ሣር ከሥሩ ተለጥፎ ስለሚያድር ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሳል፤ ከላይ ቀለሙ ያማረ ቀፎ ከሥር ወንፊት ሆኖ ይገኛል። የኋላ ጎማዎችም እንዲሁ ያታልላሉ። ክብደት እንዲጨምሩ ካልሲየም ክሎራይድ የተበጠበጠበት ውኃ ይሞላባቸው ነበርና ካላማንዳሪያው ካፈሰሰ ጨዉ ቸርኬውን ከውስጥ ይበላዋል።

ይህ የሩቅ አገር ጨዋታ የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ የግሬቭሊ አሳብ ወደ እኛም መጥቷል። ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በዚምባብዌ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተሮችን በአነስተኛ ገበሬዎች ማሳ ላይ የሚሞክር ፕሮጀክት መርቷል። እዚያም አንዱ ሞተር ለመዝራት፣ ለመውቃት፣ ውኃ ለመሳብና ጭነት ለመጎተት በየተቀጥላው ተሞክሯል። መሬቱ ትንሽ ለሆነ ገበሬ ማሽኑ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ካላገኘ ዋጋውን አይመልስምና ተቀጥላ ትርፍ ዕቃ አይደለም። መለዋወጫ በወረዳው ካልተገኘና ፈትቶ የሚገጥም ሰው ካልሠለጠነ ደግሞ ማሽኑ በሁለተኛው ክረምት ይቆማል። ከውጭ የሚገባ ትንሽ ትራክተር ከፈረስ ጉልበቱ በፊት ይህ ቢጠየቅለት እወዳለሁ፤ በስንት ቁልፍ ይፈታል? ኩሽኔታው ገበያ ላይ አለ? መመሪያውስ ገበሬው በሚያነበው ቋንቋ ተጽፏል?

አሜሪካ ውስጥ አዳሾቹ ዓመታዊ መገናኛዎች አሏቸው። የዊል ሆርስ ወዳጆች በፔንሲልቬንያ፣ አረንትስቪል በጁን ወር ይሰበሰባሉ፤ መለዋወጫ ይሸጣሉ፣ ይለውጣሉ፣ ማንም የማያውቀው የመሰለውን ብረት ምንነት ከሚያውቅ ይጠይቃሉ። ከእነዚህ ስብሰባዎች ሁሉ እኔ የማስበልጠው የእርሻ ቀን የሚሉትን ነው። አንድ ገበሬ ምርት የተነሳለትን ማሳ ይፈቅዳል፤ የታደሱት ትራክተሮች ማረሻቸውን ይዘው ይገባሉ። ቀለም እዚያ አይዳኝም። የመጀመሪያው ፈር ከወጣ በኋላ የቀኙ ጎማ ፈሩ ውስጥ ይወርድና ትራክተሩ ይጋደላል፤ ማረሻው ግን ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ስለዚህ ሁሉም ከሁለተኛው ዙር በፊት ወርዶ ማስተካከያውን ያዞራል። የማረሻው ፊት ዝገት ካለበት አፈሩ ተጣብቆበት አይገለበጥም፤ መስታወት እስኪመስል ከተወለወለ አፈሩ ተንሸራቶ ይገለበጣል። ለዚህ ነው አዳሾቹ ያን ፊት ቀለም የማይቀቡት፤ ሥራ ሲያበቃ አፈሩን ጠርገው በግሪስ ይለብጡታል።