በቃል ያለ ይረሳል፦ ሁለት ፖሊሶችና አንድ ድንበር

እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 1989 ነው። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 11 ቀን 1981። ሁለት የሰሜን አየርላንድ ከፍተኛ የፖሊስ መኮንኖች በአንደኛው የግል መኪና ድንበር ተሻግረው ደንዳልክ ወደምትባል የአየርላንድ ሪፐብሊክ ከተማ ሄዱ። በድንበር ላይ ስለሚካሄደው ኮንትሮባንድ ከደቡቡ ፖሊስ ባልደረባቸው ጋር ሊነጋገሩ ነበር። ተነጋገሩ፤ ጨረሱ፤ ተሰናብተው ወጡ። ድንበሩን አልፈው ወደ ሰሜን ጥቂት እንደነዱ የአይ.አር.ኤ ታጣቂዎች መንገድ ዘግተው ጠበቋቸው። ዋና ሱፐርኢንቴንደንት ሃሪ ብሪንና ሱፐርኢንቴንደንት ቦብ ቡካናን እዚያው መንገድ ላይ ተገደሉ። በእጃቸው መሣሪያ አልነበረም። የጎረቤት አገር ፖሊስ ሽጉጡን ታጥቆ ድንበር መሻገር አይፈቀድለትም ነበርና።

ወዳጆች፣ በዚህ ታሪክ የጀመርኩት ለማሳዘን ብዬ አይደለም። «የጎረቤት አገሮች ፖሊሶች በሕግ ይተባበሩ» የሚለው ደረቅ የሚመስል ጉዳይ ከጀርባው ደም እንዳለበት ለማሳየት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ድንበሩ እንዴት መጣ?

እስከ 1922 ድረስ መላው አየርላንድ በእንግሊዝ ሥር ነበር። ከዱብሊን ከተማ በስተቀር ደሴቱን የሚጠብቀውም አንድ ፖሊስ ነበር። ደሴቱ ሲከፈል ያ ፖሊስ ፈረሰ። በደቡብ ዛሬ ጋርዳ የምንለው ኃይል ተቋቋመ፤ በሰሜን ደግሞ ሮያል አልስተር ኮንስታቡላሪ፣ በአጭሩ አር.ዩ.ሲ። በመካከላቸው ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መስመር ተሰመረ። መስመሩ የገበሬውን ማሳ ለሁለት የሚቆርጥ፣ ከ200 በላይ መንገዶች የሚያቋርጡት ነው። ወንጀለኛ ወንዝ ዘሎ ያመልጣል፤ ፖሊሱ ግን ወንዙ ዳር ሲደርስ ሥልጣኑ ያበቃል።

እንግዲህ ሁለቱ መንግሥታት ቁጭ ብለው የትብብር ሕግ ያልጻፉት ለምንድን ነው? ስንፍና አይደለም። ምክንያቱ ፖለቲካ ነው። የ1937 የአየርላንድ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 2 እና 3 መላው ደሴት የአገሪቱ ግዛት ነው ይል ነበር። ለዱብሊን ፖለቲከኛ ስለ ድንበር ዘለል የፖሊስ ሥራ በግልጽ ሕግ ማውጣት ማለት ድንበሩን አምኖ መቀበል ማለት ነበር። በሰሜን ደግሞ አር.ዩ.ሲ በአብዛኛው ፕሮቴስታንት የነበረ፣ ብዙ ካቶሊኮች «የእኛ ነው» ብለው የማይቀበሉት ኃይል ነበር። ከእሱ ጋር በይፋ ተፈራርሞ መሥራት ለደቡቡ ፖለቲከኛ ድምፅ የሚያሳጣ ነገር ነው።

ስለዚህ ምን ተደረገ? በቃል ተሠራ። የድንበር ፖሊሶች ይተዋወቃሉ፤ ይደዋወላሉ፤ ሻይ ጠጥተው መረጃ ይለዋወጣሉ። ከ1956 እስከ 1962 አይ.አር.ኤ በድንበሩ ላይ የትጥቅ ዘመቻ ባካሄደበት ጊዜ ሁለቱም መንግሥታት በየበኩላቸው ተጠርጣሪዎችን ያለ ፍርድ ያስሩ ነበር። በአደባባይ ግን ትብብር የሚባል ነገር የለም።

ከ1969 በኋላ ግጭቱ ሲባባስ የቃሉ ነገር አልበቃም። በሰሜን ሰው ገድሎ ወደ ደቡብ የተሻገረ ተጠርጣሪ «ድርጊቴ ፖለቲካዊ ነው» ብሎ ይከራከር ነበር። የ1965ቱ የአየርላንድ ሕግ ደግሞ በፖለቲካ ወንጀል የተጠረጠረን ሰው አሳልፎ መስጠትን ይከለክላል። በ1973 መጨረሻ ሰኒንግዴል ላይ የተሰበሰቡት መሪዎች ጉዳዩን ለሕግ አዋቂዎች ኮሚሽን መሩት። ኮሚሽኑ አሳልፎ በመስጠት ላይ መስማማት አቃተው። መውጫ ሆኖ የተገኘው ሌላ መንገድ ነው፤ ሰውየው ካልተሻገረ ማስረጃው ይሻገር። በ1975 እንግሊዝ፣ በ1976 አየርላንድ ባወጡት ሕግ መሠረት በአንዱ ወገን የተፈጸመ ከባድ ወንጀል በሌላው ወገን ፍርድ ቤት ሊታይ ቻለ። ሐሳቡ ብልህ ነው። በተግባር ግን እምብዛም አልተሠራበትም። ማስረጃ የሚሰበስበው ፖሊስ ነው፤ ሁለቱ ፖሊሶች ደግሞ አብረው የሚሠሩበት ሕግ አልነበራቸውም። ፍርድ ቤቶቹ መንገድ ሲከፈትላቸው መርማሪዎቹ በየበራቸው ቀሩ።

በ1985 የተፈረመው የእንግሊዝና የአየርላንድ ስምምነት በአንቀጽ 9 ላይ የሁለቱ ፖሊስ አዛዦች የጋራ የሥራ ፕሮግራም እንዲያወጡ አዘዘ። ብሪንና ቡካናን ወደ ደንዳልክ ይመላለሱ የነበረው በዚህ ዘመን ነው። መኮንኖቹ እንዲገናኙ ታዟል። ሲገናኙ ግን በምን ሥልጣን፣ በምን ጥበቃ፣ መረጃ ቢሾልክስ ማን ይጠየቃል? ለዚህ የተጻፈ ግልጽ መልስ አልነበረም።

መረጃው ሾልኮ ነበር ወይ? ጥያቄው 24 ዓመት ፈጀ። በዳኛ ፒተር ስሚዝዊክ የተመራው አጣሪ ጉባኤ በዲሴምበር 2013 ባወጣው ሪፖርት፣ በግድያው ውስጥ ከደንዳልክ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ የተደረገ ተባባሪነት ነበረ ብሎ ደመደመ። የአየርላንድ መንግሥትም ይቅርታ ጠየቀ። ቤተሰብ ሩብ ምዕተ ዓመት ጠብቆ ያገኘው መልስ ይኸው ነው።

ለውጡ የመጣው በ1998 ነው። በኤፕሪል የተፈረመው የመልካም ዓርብ ስምምነት ሁለቱንም ቋጠሮ ፈታ። አየርላንድ በሕዝበ ውሳኔ አንቀጽ 2 እና 3ን አሻሻለች። በሰሜን ደግሞ ፖሊሱን ከሥሩ የሚመረምር ኮሚሽን በክሪስ ፓተን ሰብሳቢነት ተቋቋመ። ኮሚሽኑ ገና ሥራ በጀመረበት ዓመት፣ በኦገስት 15፣ በኦማ ከተማ ቦምብ ፈነዳ፤ 29 ሰው ሞተ። ቦምቡ የተጫነባት መኪና የተሰረቀችው በደቡብ በኩል ካሪክማክሮስ ከምትባል ከተማ ነበር። መኪናዋ ያለ ችግር የተሻገረችውን ድንበር የምርመራው ወረቀት በየደረጃው እየቆመ ተሻገረው።

የፓተን ሪፖርት በሴፕቴምበር 1999 ወጣ፤ 175 ምክረ ሐሳቦች ነበሩት። ስለ ድንበሩ የተናገረው ሲጠቃለል አንድ ነገር ነው፤ በግል ትውውቅ የሚሠራው ሥራ በጽሑፍ ይሁን። አር.ዩ.ሲ በኖቬምበር 2001 የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ አገልግሎት ተብሎ ተቀየረ። በኤፕሪል 2002 ሁለቱ መንግሥታት ቤልፋስት ላይ የፖሊስ ትብብር ስምምነት ተፈራረሙ። በ2003 የአየርላንድ ፓርላማ ስምምነቱን አገራዊ ሕግ አደረገው፤ በሌላው ወገንም የሚዛመድ ሕግ ወጣ።

ሕጉ ምን አለ? ቢያንስ ሦስት ነገር። አንደኛ፣ የአንዱ ፖሊስ አባል እስከ ሦስት ዓመት ድረስ በሌላው ፖሊስ ውስጥ ተመድቦ ሙሉ የፖሊስ ሥልጣን ይዞ መሥራት ይችላል። ሁለተኛ፣ በዚያ ጊዜ የሚታዘዘው ለተመደበበት ፖሊስ አዛዥ ነው፤ ጥፋት ቢያጠፋም «በሌላ አገር ያደረግሁት ነው» ብሎ ከዲሲፕሊን አያመልጥም። ሦስተኛ፣ የሰሜኑ ፖሊስ አባላት በደቡቡ ፖሊስ ከኢንስፔክተር በላይ ላሉ የኃላፊነት ቦታዎች መወዳደር ይችላሉ።

ልብ በሉ፤ ሕጉ ፖሊስ ወንጀለኛ እያባረረ ድንበር እንዲሻገር አልፈቀደም። በአውሮፓ የሼንገን ስምምነት ይህ «ትኩስ ክትትል» የሚባለው በአንቀጽ 41 ተፈቅዷል። በአየርላንድ ድንበር ላይ ግን የታጠቀ የሰሜን ፖሊስ ወደ ደቡብ ሲገባ የሚያስታውሰው ታሪክ ከባድ ስለሆነ አልተነካም። ይህ ድክመት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ማስተዋል ነው እላለሁ። ሕዝቡ ሊሸከመው የማይችለውን ትብብር ጽፎ ከማፍረስ፣ የሚሸከመውን ጽፎ ማስከበር ይሻላል።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ፍላጎቱ ካለ ሕግ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሕግ እምነትን አይፈጥርም። ደንዳልክ ላይ የከዳ ሰው በ2003ቱ ሕግ ጊዜም ሊከዳ ይችል ነበር። ግን የቃል ትብብር ሁለት በሽታ አለበት። አንዱ፣ ሰዎቹ ጡረታ ሲወጡ ወይም ሲሞቱ አብሮ ይሞታል። ሌላው የባሰ ነው፤ ሲበላሽ ተጠያቂ የለውም። በወዳጅነት የተላለፈ መረጃ ሲሾልክ ማን፣ መቼ፣ ለማን እንደሰጠ መዝገብ አይገኝም። የተላለፈበት ተጠርጣሪም መብቱን የሚጠይቅበት በር የለውም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የምንለው ለዚህ ነው።

የውርሱን ነገር በአንድ ሰው ልቋጭ። አልዊን ሃሪስ የሚባል የአር.ዩ.ሲ ሱፐርኢንቴንደንት ነበር። እሱም በዚያው በ1989፣ በኦክቶበር፣ አይ.አር.ኤ መኪናው ሥር ባጠመደው ቦምብ ተገደለ። ልጁ ድሩ ሃሪስ በሰሜኑ ፖሊስ እስከ ምክትል አዛዥነት ደረሰ። በሴፕቴምበር 2018 ደግሞ የደቡቡ ፖሊስ፣ የጋርዳ፣ ዋና ኮሚሽነር ሆኖ ቃለ መሐላ ፈጸመ። ይህ የአንድ አዋጅ ብቻ ውጤት ነው አልልም። አባቱ በተገደለበት ዓመት ግን ይህ ይሆናል ያለ ሰው ቢኖር እንደ እብድ በታየ ነበር።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ስለ አየርላንድ ብቻ አይደለም። እኛም ሞያሌ አለችን፤ አንዷ ከተማ፣ ግማሿ ኢትዮጵያ፣ ግማሿ ኬንያ። በዲሴምበር 2020 የጋራ የድንበር አገልግሎት ጣቢያ ተመርቆባታል፤ ነጋዴው በአንድ ቦታ ጉዳዩን እንዲጨርስ። አገራችን በ1998 ካምፓላ ላይ የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የፖሊስ አዛዦች የትብብር ድርጅት አባልም ናት። መልካም ነው። ነገር ግን አዛዦች ተሰብስበው ፎቶ ስለተነሱ የድንበሩ ሳጅን ሥልጣኑን አያውቅም። ወደፊት «ከጎረቤት ፖሊስ ጋር ተስማማን» የሚል ዜና ስትሰሙ ሦስት ነገር ጠይቁ። የተሻገረው ፖሊስ የሚታዘዘው ለማን ነው? ቢያጠፋ የሚጠየቀው የት ነው? የተላለፈው መረጃ የሚመዘገበው የት ነው? መልሱ «እንተዋወቃለን» ከሆነ፣ ያቺን የደንዳልክ መንገድ አስታውሱ።