ወንዝን ያሰረ የአኻያ ሰሌን

ሚሲሲፒ የሚባለው ታላቁ የአሜሪካ ወንዝ በባሕሩ መግቢያ ጭቃ እየከመረ፥ መርከቦች ወደ ኒው ኦርሊንስ ከተማ እንዳይደርሱ ብዙ ዘመን ይከለክል ነበር። እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1875 ዓ.ም. ጄምስ ኢድስ የተባለ መሐንዲስ፥ መግቢያውን ካላጠለቅሁ ዋጋዬ ይቅር ብሎ ከመንግሥት ጋር ተዋዋለ። የተማመነውም በብረት አልነበረም፤ ስሙን በመዝሙረ ዳዊት በምንሰማው በአኻያ ዛፍ ነው እንጂ። ሠራተኞቹ ቀጫጭኑን ቅርንጫፍ ደርበው፥ በሳንቃ መካከል ጠፍረው እንደ ሰፊ ሰሌን አበጁት፤ በውኃውም ላይ ጐትተው ድንጋይ እየጫኑ በሁለት ረድፍ አሰጠሙት። ደለሉ በቅርንጫፉ መካከል ገብቶ አጸናው፤ ወንዙ በገዛ ጭቃው ታሰረ ማለት ነው። በመካከል የጠበበውም ውኃ በርትቶ ወለሉን ስለ ጠረገ፥ ከ10 ጫማ በታች የነበረው ጥልቀት በ1879 ዓ.ም. 30 ጫማ ደረሰ። ቈየት ብሎም ይኸው ምንጣፍ የሚሸረሸረውን የወንዝ ዳር እንዲጠብቅ ተዘረጋ፤ በ20ኛው መቶ ዓመት ግን ሲሚንቶ ተተካበት።