ማተብ

ማተብ (በግዕዝ ማዕተብ) የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ከተጠመቁበት ቀን ጀምሮ በአንገታቸው የሚያስሩት ክር ነው። ክሩ ብቻውን ወይም መስቀል ተንጠልጥሎበት ይታሰራል። ልማዱ በኤርትራ ኦርቶዶክሳውያን ዘንድም አለ። ማተብ የአንድ ሰው የግል እምነት ምልክት ቢሆንም በአደባባይ የሚታይ በመሆኑ በታሪክ፣ በአማርኛ አነጋገር፣ በስፖርትና በስደት ሕይወት ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሰፋ ቦታ ይዟል።

ስያሜ

ቃሉ የመጣው «ዐተበ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ነው፤ ትርጉሙም በመስቀል ምልክት ባረከ፣ አተመ፣ ምልክት አደረገ ማለት ነው። «አማተበ» የሚለው የአማርኛ ግሥም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ስለዚህ ከጸሎት በፊት በጣት የሚደረገው ማማተብና በአንገት ላይ የሚታሰረው ማተብ በቋንቋው ዘንድ ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱ በእጅ የሚሠራ፣ ሌላው በገላ ላይ የሚቆይ ማኅተም ነው።

አሠራርና አስተሳሰር

ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ካህኑ ክሩን ባርኮ በሕፃኑ አንገት ላይ ያስራል። ክሩ ጥጥ ወይም ሐር ሊሆን ይችላል። በብዙ ቦታ ሦስት ክር በአንድነት ይገመዳል፤ ይህም የሥላሴ አንድነትና ሦስትነት ምሳሌ ነው ተብሎ ይተረጎማል። አዋቂዎች ዘንድ በብዛት የሚታየው ጥቁርና ሰማያዊ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገሪቱን የጎበኙ አውሮፓውያንም ክርስቲያኑ ከሌላው የሚለየው በአንገቱ ባሰረው ሰማያዊ የሐር ክር መሆኑን ጽፈዋል።

በክሩ ላይ የሚንጠለጠለው መስቀል ከእንጨት፣ ከብር ወይም ከሌላ ማዕድን ይሠራል። ቀድሞ አንጥረኞች የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር አቅልጠው መስቀል ያበጁ ነበር። በገጠር ሴቶች ዘንድ ከመስቀሉ ጎን የብር ጆሮ ኩክ ማውጫ ማንጠልጠል የተለመደ ነበር። በዚያው አንገት ላይ በቆዳ የተሰፋ ክታብ የሚያስሩም አሉ። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ግን ሁለቱን አጥብቀው ይለያሉ፤ ማተብ የሃይማኖት ምስክር እንጂ እንደ ክታብ በራሱ ኃይል ያለው መከላከያ አይደለም ይላሉ። በተግባር ድንበሩ ሁልጊዜ ያን ያህል የጠራ አይደለም።

ታሪክ

በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ማተብ ማሰርን ያስጀመረው በ6ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ያዕቆብ ዘእልበረዲ ነው፤ ዓላማውም የኬልቄዶንን ጉባኤ ያልተቀበሉትን ምእመናን ከሌሎቹ ለመለየት ነበር ይባላል። መምህራን ከመጽሐፍ ቅዱስ የሚጠቅሱት በተለይ ምሕረትና እውነትን በአንገት ስለ ማሰር የሚናገረውን ምሳሌ 3፥3ን ነው።

እምነትን በገላ ላይ እንዲታይ ማድረግ አንዳንድ ጊዜ የመንግሥት ትእዛዝም ሆኖ ያውቃል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ሕዝቡ በግንባሩ ላይ የሥላሴን ስም፣ በክንዶቹ ላይ ደግሞ ሰይጣንን መካዱን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲያኖር ማዘዛቸው በዜና መዋዕላቸው ተጽፏል። ከአራት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1870 ዓ.ም. ከተካሄደው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ቀጥሎ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። የወሎው መሪ መሐመድ ዓሊ ንጉሠ ነገሥቱን የክርስትና አባት አድርገው ተጠመቁና ሚካኤል ተባሉ፤ እኚህም በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት ናቸው። ትእዛዙን ያልተቀበሉ ተሰደዱ ወይም ሸፈቱ። ሌሎች ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆነው እንደኖሩ እስከ ዛሬ ይነገራል። ለእነዚህ ሰዎች በአንገታቸው ላይ ያለው ክር የእምነት ሳይሆን የመገዛት ምልክት ነበር። ስለ ማተብ የሚጽፉ መንፈሳውያን ጽሑፎች ይህን ክፍል በአብዛኛው ያልፉታል።

በደርግ ዘመን ሁኔታው ተገለበጠ። መንግሥት ማርክሲዝም ሌኒኒዝምን መመሪያው አደረገ፤ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ተነሥተው ታሠሩ፣ በ1971 ዓ.ም.ም ተገደሉ። በመንግሥትና በፓርቲ ሥራ ላይ ለነበረ ሰው ሃይማኖቱን በአንገቱ ማሳየት የሚጠቅም ነገር አልነበረም፤ ክሩን ከሸሚዝ ሥር የሚደብቅ ብዙ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 27 ደግሞ ማንኛውም ሰው እምነቱን በግል ወይም ከሌሎች ጋር በይፋም ሆነ በግል የመግለጽ መብት እንዳለው ደንግጓል። ከዚያ ወዲህ ማተብም፣ ሒጃብም፣ የጥቅስ ጽሑፍ ያለበት ቲሸርትም በአንድ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ይታያሉ።

በአነጋገር

በአማርኛ «እምነት» የሚለው ቃል ሃይማኖትንም፣ በሰው ላይ መተማመንንም ያመለክታል። ማተብም ይህን ሁለትነት ወርሷል። «ማተብ ያለው ሰው» ሲባል ቃሉን የሚጠብቅ፣ አደራ የማይበላ ማለት ነው፤ «ማተበ ቢስ» ደግሞ ከሐዲ፣ የማይታመን ነው። «ማተቡን በጠሰ» የሚለው ሃይማኖቱን ለለወጠም፣ ወዳጁን ለከዳም ይነገራል። ብድር ሲሰጥ ወይም ምስጢር ሲነገር ማተብ ይዞ መማል የታወቀ ነው። በዘፈን ግጥሞች ውስጥም ማተብ ከአምላክ ጋር ከተገባው ቃል ይልቅ በፍቅረኞች መካከል ያለውን መታመን ሲወክል ይሰማል።

አነጋገሩ የሚያስከትለው ጥያቄ አለ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ኦርቶዶክሳውያን ከኢትዮጵያ ሕዝብ 43.5 በመቶ፣ ሙስሊሞች 33.9 በመቶ፣ ፕሮቴስታንቶች 18.5 በመቶ ነበሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሕዝብ ክሩን በማያስርበት አገር «ማተብ የለውም» ማለት ስድብ መሆኑ ቃሉ የተወለደበትን ማኅበረሰብ ያሳያል። በአንጻሩ ብዙ ተናጋሪዎች ቃሉን ሲጠቀሙ ክሩን አያስቡም፤ ታማኝን ሰው ክር ባያስርም ማተብ አለው ይሉታል። ወደ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የሚገቡ ሰዎች ዘንድ ግን ክሩ አሁንም ክር ነው፤ ማተብን መበጠስ ለእነርሱ የውሳኔያቸው መግለጫ፣ ለቤተሰባቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ የመለያየት መጀመሪያ ሆኗል።

በስፖርት ሜዳ

ኢትዮጵያውያን አትሌቶች ውድድር ከመጀመራቸው በፊትና የመጨረሻውን መስመር ካለፉ በኋላ ሲያማትቡ ማየት የተለመደ ነው። በዓለም ዙሪያ ይበልጥ የታየው መሠረት ደፋር ነሐሴ 4 ቀን 2004 ዓ.ም. በለንደን ኦሊምፒክ ያደረገችው ነው። በ5,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ እንዳገኘች ከመለያዋ ውስጥ የእመቤታችንን ሥዕል አውጥታ በዕንባ ለካሜራ አሳየች። የኦሊምፒክ ቻርተር ደንብ 50 በውድድር ስፍራ የሃይማኖት ቅስቀሳን ይከለክላል፤ ይሁንና ሯጭ በደረቱ ይዞት የሮጠውን ነገር ማውጣቱ ቅስቀሳ ነው ወይስ ምስጋና የሚለውን ደንቡ ራሱ አይመልስም።

በእግር ኳስ ነገሩ ቀላል ነው። የጨዋታው ሕግ 4ኛ ክፍል ማንኛውንም የአንገት ጌጥ ይከለክላል፤ በፕላስተር መሸፈንም አይፈቀድም። ምክንያቱ ሃይማኖት ሳይሆን ጉዳት መከላከል ነው። ተጫዋቹ ክሩን አውልቆ ይገባል፤ በምትኩ ያማትባል።

በስደት

ማተብ እጅግ የሚከብደው ከአገር ሲወጣ ነው። ወደ ሳውዲ አረቢያ ለቤት ሠራተኝነት ከሄዱ ክርስቲያን ሴቶች ብዙዎቹ የሙስሊም ስም ይዘው፣ ፀጉራቸውን ሸፍነው፣ ማተባቸውን አውልቀው ተጉዘዋል፤ በዚያ አገር ከእስልምና ውጭ ያለ አምልኮ በአደባባይ አይፈቀድም። ክሩን ለእናት ሰጥቶ መሄድ፣ በልብስ ስፌት ውስጥ መደበቅ፣ ሲመለሱ እንደገና ማሰር በስደተኞች ትረካ ውስጥ ተደጋግሞ ይሰማል። በሊባኖስ ግን አብያተ ክርስቲያናት በግልጽ ስላሉ መስቀል ማሰር ያን ያህል አያሳስብም።

ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን በሊቢያ ወደ 30 የሚጠጉ ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳይ ቪዲዮ አወጣ፤ የኢትዮጵያ መንግሥትም ከሟቾቹ መካከል ዜጎቹ እንዳሉ አረጋገጠ። አብዛኞቹ አውሮፓ ለመግባት በመንገድ ላይ የነበሩ ወጣቶች ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በሰማዕትነት ታስባቸዋለች። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባና በውጭ በሚኖሩ ምእመናን መካከል ማተብን ከልብስ በላይ አውጥቶ ማሰር የሐዘንና የአቋም መግለጫ ሆኖ ታየ። በዚያው የስደት መንገድ ላይ ላለ ወጣት ግን ክሩን ማሰርና መፍታት ሌላ ክብደት አለው፤ የሚያገኘው ሰው ማን እንደሆነ አያውቅም።

በከተማ

በአብያተ ክርስቲያናት ደጃፍና በንዋየ ቅድሳት መሸጫዎች ዛሬ ልዩ ልዩ ዓይነት ማተብ ይሸጣል፤ በቆዳ የተሠራ፣ ትልቅ የእንጨት መስቀል ያለው፣ በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ክር የተገመደ አለ። የመጨረሻው ከሃይማኖት ጋር የሰንደቅ ዓላማ ስሜትን ያጣምራል። አንዳንድ ካህናት ትልልቁን መስቀል እንደ ጌጥ ይቆጥሩታል፤ ሕፃን ሲጠመቅ የሚያስሩት አሁንም ያንኑ ቀጭን ክር ነው።